ደበሎ የለበሰው ሞተር

ባሌ የሞተሩን ጅራት የቆረጠው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ከዶሮ ቤቱ አጠገብ ነው። ብረት መቁረጫውን ከጎረቤት በያጅ ተውሶ አምጥቶት ነበር። እኔ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የብረቱ ፍንጣሪ ጨርቄ ድረስ ሲመጣ ቀና ብዬ አየሁ፤ እኔ ከኋላው የምቀመጥበትን ረጅም መቀመጫ ከነብረቱ ጎምዶ መሬት ላይ ጥሎታል።

«እኔስ የት ልቀመጥ ነው?» አልኩት።

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየኝ። መልሱን ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። «ባጃጅ ሞልቶ የለ?»

እናቱ በራፉ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ሳቁ። አማቴ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቀነቀው። እሳቸውን አንቱ እያልኩ ነው የምጠላቸው፤ ያሳደገኝ ቤት ሥርዓት አስተምሮኛል። ብድግ ብለው የተቆረጠውን አንስተው አገላብጠው አዩና «ለዶሮዋ ይሆናል» ብለው ወደ ዶሮ ቤት ይዘውት ገቡ።

ሞተሩ የአባቱ ነበር። የጃፓን ሥሪት ነው፤ ዕድሜው ከባሌ ዕድሜ ብዙም አያንስም። የባሌ አባት የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበሩ። በእሱ ላይ ሆነው በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለውን አገር ሁሉ ከብት ሲወጉ ኖሩ። መሥሪያ ቤታቸው እሳቸውንም ሞተሩንም በአንድ ዓመት ጡረታ ሲያወጣቸው፣ ሞተሩን በጨረታ ገዝተው ወደ ቤት አመጡት። ሲሞቱ ለባሌ ተረፈ።

እኔን ያገባኝም በዚያው ሞተር ነው። ያን ጊዜ ሉማሜ፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ሻይ ቤት አጠገብ፣ ልብስ እሰፋ ነበር። የጭስ ማውጫው፣ የማርሚታው ግለት ሱሪውን አቃጥሎት ሊያስጠግን መጣ። በሳምንቱ ደግሞ መጣ፤ ያን ቀን ምንም የተቀደደ ነገር አልነበረውም። ሰርጋችን እዚያው ሉማሜ አጠገብ፣ አባቴ ቤት የተደረገ ትንሽ ሰርግ ነበር። ሚዜዎቹ በሚኒባስ ሲሄዱ እኔ ቬሎዬን ጉልበቴ ላይ ሰብስቤ፣ ከኋላው ተፈናጥጬ፣ የመንገዱ ሰው እያጨበጨበልን ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ሁሉ በደረቱ ይቀበልልኝ ነበር። ጀርባው ላይ ተለጥፌ ምንም አይበርደኝም። ወድጄው ነበር፤ ይኸን ማንም እንዲጠራጠርብኝ አልፈልግም።

ከዚያ አረገዝኩ። በሦስተኛው ወር ይጁቤ ያለች አክስቴ ሞተችና ለቅሶ ሄድን። ስንመለስ በዓባይ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናቡ ሳይደርስብን ብሎ ሞተሩን አበረረው። የይጁቤ መንገድ ያን ጊዜ ኮረኮንች ነው። «ኧረ ቀስ በል» አልኩት ትከሻውን ይዤ። «ዝናቡ ቀስ ይላል?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

በማግስቱ ደም አየሁ። ሆስፒታል ወሰደኝና እሱ ደጅ ቀረ፤ እኔ ብቻዬን ገባሁ። አዋላጇ ነርስ የእኔ እኩያ የምትሆን፣ እጇ ሙቅ የሆነ ሴት ነበረች። ካየችኝ በኋላ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። «ይኸ ከቆመ ሰንብቷል። እድገቱን ያቆመው ከጉዞው በፊት ነው፤ መጠኑ ራሱ ይናገራል። መንገዱ አይደለም። የማንም ጥፋት አይደለም። ለባለቤትሽም ንገሪው፣ ወንዶች እንዲህ ያለውን ነገር ሆዳቸው ውስጥ ይቀብሩታል።»

ልነግረው ነበር። ምላሴ ላይ ይዤው ነው የወጣሁት። ኮሪደሩ ላይ የራስ ቁሩን ታቅፎ ቆሞ ነበር። ዓይኔን አላየኝም።

«ጨረሽ?» አለኝ።

የጫማ ማስጠገን ይመስል። «ጨረስኩ» አልኩት።

ቤት ስንገባ አማቴ ነገሩን ከፊቴ ላይ አነበቡት። «መንገዱ በላው!» አሉ ደረታቸውን እየደቁ። «የይጁቤ ኮረኮንች የልጅ ልጄን በላብኝ! እሷስ ነፍሰ ጡር ሆና ምን ሆንኩ ብላ ነው እንደ ጎረምሳ ሞተር ላይ የምትንጠለጠለው?» ወደ ባሌ ዞርኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ «ተይ እማዬ» ቢል ይበቃኝ ነበር። መሬት መሬቱን ያያል። የነርሷን ቃል ያን ጊዜ ዋጥኩት። ምን አለችሽ ብሎ ይጠይቀኝ፣ ያኔ እነግረዋለሁ አልኩ። አልጠየቀኝም። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ አልጠየቀኝም።

በልጁ ፈንታ ሞተሩን ማሳደግ ጀመረ። ከሥራ ሲገባ፣ ልብሱን ሳይቀይር፣ አጠገቡ ቁጢጥ ይላል። ስልኩን ከውኃ ጀሪካን ጋር አስደግፎ፣ ፈረንጆች በየጋራዣቸው አሮጌ ሞተር ገፈው አዲስ ሲያደርጉ እያየ፣ እሱም ይገፋል። የነዳጅ ሳልቫትዮውን ቀለም ፍቆ ፍቆ ብረቱን አወጣው። የፊቱንም የኋላውንም ጭቃ መከላከያ ጣለ። መሪውን ዝቅ፣ ማርሚታውን አጭር አደረገው። የእሱ ፈረንጆች ሁሉ የሚነዱት አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ነገር ነው። ለእኔ ያለው ነገር «ጨርቅ አቀብይኝ» እና «ብርሃኑን ጋረድሽኝ» ብቻ ሆነ።

ጎረቤቶቼ ሊያጽናኑኝ መጡ። አንዷ «ግድ የለም እታለም፣ ቢያንስ ሌላ ሴት አይጭንበትም» አለችኝ። በእኛ ሰፈር ማጽናኛ ማለት ይኸ ነው።

የቀረው መቀመጫው ነበር። አንድ ማታ ከእራት በኋላ ካርቶን ላይ የተሣለ ቅርጽ አምጥቶ ጉልበቴ ላይ አኖረው። የአንድ ሰው ቂጥ የምታህል ነገር ነች። «አንቺ ስፊልኝ፣ ያንቺ እጅ ይሻላል» አለኝ። አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። እኔን ከሞተሩ የሚያወርደኝን መቀመጫ እኔው እንድሰፋለት ሲጠይቀኝ አንዳች ነገር አልታየውም፤ ወይም ታይቶታል። የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አላውቅም።

«በምን ይሸፈን?» አልኩ።

አማቴ ተነሥተው ሣጥናቸውን ከፈቱና ደበሎ አወጡ። የባሌ አባት በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ከብት መውጋት ከመማራቸው በፊት አኩፋዳ አንጠልጥለው፣ የበግ ቆዳ ለብሰው፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ እየለመኑ ዳዊት ደግመዋል። ያን የበግ ቆዳ ነው አማቴ እንደ ታቦት መጎናጸፊያ ጠቅልለው ያኖሩት። «የአባትህ በረከት ከሥርህ አይለይ» አሉ። ባሌ ደስ አለው። ከፈረንጆቹ አንዱ ጸጉራም መቀመጫ ነበረው መሰለኝ።

ደበሎው ደርቆ ቆርቆሮ ሆኖ ነበር። አማቴ በቅቤ አሹት፣ ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ እንደገና አሹት። ግቢው በሙሉ በግ በግ ሸተተ።

እኔ የባላገር ልጅ ነኝ። ደበሎ ለባሽ ተማሪ ወደ መንደር ብቅ ሲል የአባቴ ውሻ ምን እንደሚሆን እያየሁ ነው ያደግሁት። ሌባን ያሳለፈ ውሻ ደበሎን አያሳልፍም። ተማሪ ሁሉ ዱላ የሚይዘው ለጌጥ አይደለም። በቅቤ የታሸ ደበሎ በደብረ ማርቆስ ልኳንዳ ቤቶች ፊት ለፊት በሞተር ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ዝም አልኩ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

ሰፋሁትም። መኪናዬ ቆዳውን ስላልቻለው በወስፌ፣ በእጄ ሰፋሁት። ጣቴ ደማ። በሕይወቴ እንዲያ ያማረ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም፤ አንዲት ክር አልተዛነፈችም። ስሰፋ አለቀስኩ ብል ይመቻችሁ ነበር። አላለቀስኩም። ተናድጄ ነበር፣ ንዴት ደግሞ እጅን ያጠነክራል።

ሞተሩ ያለቀ ዕለት እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩለት መጡ። ሰፈሩ ደጃችን ላይ ቆመ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ሊባርኩ ጎንበስ ሲሉ መቀመጫውን አዩ፤ እሳቸውም በልጅነታቸው ደበሎ የለበሱ ናቸው። ጸጉሩን በጣታቸው ዳበስ አድርገው ፈገግ አሉ። «በል እግዜር ይከተልህ» አሉት፣ «ሌላ ነገር ባይከተልህ ይሻላል።»

ባሌ አልገባውም። ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ፣ የራስ ቁሩን አጥልቆ፣ ሞተሩን እያስጮኸ ወጣ። አማቴ እልል አሉ።

መጀመሪያ የጎረቤታችን ውሻ ተነሣ። ከዚያ ምን እንደሆነ ያየ ሰው ነው የነገረኝ፤ በልኳንዳ ቤቶቹ በኩል ሲያልፍ የተኛ ውሻ ሁሉ ተነሣ አሉ። ሲዞር ተከተሉት፣ ሲያፈጥን ተከተሉት፣ ቀይ መብራት ይመስል የበግ መንጋ መንገድ ዘጋበትና ሲያቆም ደረሱበት። እኛ የሰማነው ሲመለስ ነው። ከሞተሩ ድምፅ በፊት ጩኸቱ ደረሰ። አንድ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ የሱሪው እግር ተተልትሎ፣ የውሻ ሠራዊት አስከትሎ በሩን ጥሶ ገባ። አማቴ ምስር መንፊያውን ወረወሩ። ከደጅ አንዱ ጎረምሳ «በእንተ ስማ ለማርያም!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «አኩፋዳህን የት ጣልከው?» አለ። ሰፈሩ በሳቅ ተንፈራፈረ።

እኔም ሳቅሁ። ከሆስፒታሉ ቀን ወዲህ ስቄ አላውቅም ነበርና ተጠራቅሞ መጣ። የበረንዳውን ምሰሶ ይዤ፣ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ።

ባሌ ከሞተሩ ወረደ። የራስ ቁሩን አወለቀ። ውሻውንም ጎረምሶቹንም አላየም፤ እኔን ብቻ ነው ያየው።

«ሆድሽ ልጅ መያዝ አቃተው» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አፍሽ ደግሞ ሳቅ መያዝ አቃተው።»

በር ላይ የሚስቁት ጎረምሶች ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እሱ ግን ያወቀ ይመስለኛል፤ እጁን ወደ አፉ ወሰደ። ምናልባት በዚያች ቅጽበት የሚናገር ሰው ባይኖር ኖሮ እሱ ራሱ ሌላ ነገር ይናገር ነበር። አማቴ ቀደሙ። «እውነቱን ነው» አሉ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቄሱና ሁለት የሰፈር አባቶች። «ልጄ፣ ታረቂ» አሉኝ። ወደ እሱ ዞረው «ትፈልጋታለህ?» አሉት። «እሷ ታውቃለች» አላቸው። ይኸን ይዞ የሚታረቅ ሰው ካለ ይታረቅ። እሄዳለሁ አልኩ። ከቤቱ ምን ትፈልጊያለሽ ሲሉኝ፣ የስፌት መኪናዬን በጭነት ልኬዋለሁ፣ ሌላ አንድ ነገር ብቻ አለኝ አልኳቸው።

«ከአባቴ ቤት ሰው እያየ በክብር ወስዶኛል። ባመጣኝ ይመልሰኝ።»

ሁሉም ዓይናቸው ግቢ ውስጥ ወደቆመው ሞተር ሄደ። ከኋላው ምንም የለም።

«ሚኒባስ ሞልቶ የለ?» አሉ አማቴ።

ቄሱ ቆጣ አሉ። «በክብር የወሰደ በክብር ይመልሳል። ያገር ደንብ ነው። ልጅዎ የቆረጠውን ይቀጥል።»

የተቆረጠውን ፍለጋ ዶሮ ቤት ተገባ። መቀመጫዬ ላይ ዶሮዋ እንቁላሎቿን ታቅፋ ተኝታለች። ባሌ ሊያነሣት እጁን ሲዘረጋ አማቴ እጁን መቱት። «የታቀፈች ዶሮ ትነካለህ? እስክትፈለፍል ትጠብቅ!» ቄሱም ሽማግሌዎቹም ትክክል ነው አሉ። እናም ዶሮዋ እስክትፈለፍል እኔ ጠበቅሁ። በዚያ ቤት የእናት ክብር ያገኘችው እሷ ነበረች፤ ጥሬ በእጅ፣ ውኃ በጣሳ ይቀርብላታል፣ ድምፅ እንኳ አይጮኽባትም። ባሌ በየጠዋቱ ጎንበስ ብሎ ዶሮ ቤቱን ያያል። መሄዴን ቸኩሎበት ነው ብዬ በሆዴ ስረግመው ሰነበትኩ።

ጫጩቶቹ ወጡ። ብረቱን በዚያው በያጅ አስቀጠለው። ብየዳው እንደ ጠባሳ ወፍሮ ይታያል። ስፖንጁን አጥቤ በጥቁር ፕላስቲክ ቆዳ አለበስኩት፤ የፊቱ ደበሎውን እንደለበሰ ቀረ፣ አማቴ «የባለቤቴን በረከት አትንኩ» ብለዋልና። በጠዋት ወጣን። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «በይ እንግዲህ» አሉኝ። «እርስዎም ይሰንብቱ» አልኳቸው።

ሞተሩ ላይ ሳልወጣ ባሌ ዱላ ሰጠኝ። «ለውሻ» አለ። ዕቃዬን በአንድ እጄ፣ ዱላውን በሌላው ይዤ ከኋላው ተቀመጥኩ። ከተማውን እስክንወጣ ከግራም ከቀኝም እየተነሡ መጡ፤ እኔ ከኋላው ሆኜ እመልስለታለሁ፣ እሱ ዓይኑን ከመንገዱ አያነሣም። አንድ ጊዜ ትልቁን ውሻ አፍንጫው ላይ ሳቀምሰው ትከሻው ሲነቀነቅ ተሰማኝ። ሳቀ። ለጥቂት ጊዜ የድሮዎቹ እኛ ነበርን። ያ ጊዜ ከስድቡ ሁሉ የበለጠ ጎዳኝ።

ከከተማ ወጥተን አስፋልቱ ላይ ያፈጥናል ብዬ እጠብቃለሁ፤ አያፈጥንም። አህያ የጫኑ ገበያተኞች ከፊት ከፊታችን እየቀደሙን ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ያቆማል፣ ሁለት እግሩን መሬት ያስነካል፣ በጠርዙ ዳር ዳር አድርጎ እንደ እንቁላል ያሳልፈኛል። ትንሿን ስንጥቅ እንኳ ይዞራታል። ምን ሆነ ብዬ ጥቂት አሰብኩ። ከዚያ ገባኝ። ነፍሰ ጡር ነበር የሚያደርሰው። ከይጁቤ ስንመለስ መንዳት የነበረበትን አነዳድ ነው ያን ቀን፣ ከሁሉም ነገር በኋላ፣ በባዶ ማሕፀኔ የነዳልኝ። እናቱ መንገዱ በላው ሲሉ መሬት መሬቱን ያየው ለካ እኔን በመውቀሳቸው ተስማምቶ አልነበረም። መንገዱን የነዳው እሱ ስለሆነ ነው። መቀመጫዬን የቆረጠው እኔን ጠልቶ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ዳግመኛ ማንንም ከኋላው ሊጭን ፈርቶ ነው። ይኸን ሁሉ ጊዜ ገዳይ ነኝ ብሎ እየኖረ ነበር። ንጹሕ መሆኑን ከሰው ሁሉ የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባቴ ደጅ ደረስን። ወረድኩ። ሞተሩን አላጠፋውም፤ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ነፋስ ነው እንዳልል ነፋስ እስኪነፍስብን አልነዳም።

«ያን ቀን» አለኝ፣ «ሆስፒታል... ነርሷ ምን አለችሽ?»

እዚያው ምላሴ ላይ ነበር። መንገዱ አይደለም፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ከኮሪደሩ ጀምሮ ይዤው የኖርኩት ቃል ነው፤ ሁለት ትንፋሽ አይፈጅም። ፊቱን አየሁ። አሳዘነኝ፣ እውነቱን ለመናገር በጣም አሳዘነኝ። ከዚያ ግን «ጨረሽ?» ያለኝ ድምፅ መጣብኝ፣ ሰፈሩ ፊት የተናገረው መጣብኝ።

«እናትህን ጠይቃቸው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። እንደሚያውቀው ነገር ነቀነቀ። መነጽሩን መልሶ አደረገ፣ ሞተሩን አዞረ። የአባቴ ውሻ ከአጥሩ ሥር ተነሥቶ ደበሎውን አሸተተና እየጮኸ ተከተለው። ይሸሻል ብዬ ነበር። አልሸሸም። ከኋላው ባዶ መቀመጫ ይዞ የደጃችንን ጉድጓዶች አንድ ባንድ እየዞረ፣ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ውሻው እግሩ ላይ ደርሶም አልፈጠነም።

ዱላው በእጄ ነበር። ውሻውን አልጠራሁትም።